አላን ቱሪንግ፡ ፊደሉ ለማሽኑ ወይስ ለሰው?

አንድ የመርካቶ ጅምላ ነጋዴ እንውሰድ፡፡ ሱቁ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙ የማይርቅ፣ ዕቃውን ለክፍለ ሀገር ደንበኞቹ በዱቤ የሚሰጥ ሰው ነው እንበል፡፡ ዱሮ የዱቤ መዝገቡ ጥግ ጥጉ የተበላ ትልቅ ደብተር ነበር፡፡ አሁን የእህቱ ልጅ የሠራለት ፕሮግራም አለው፡፡ አንድ ማለዳ መዝገቡን ሲከፍት አበበ የሚለው ስም ሦስት የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይጠብቀዋል፡፡ ከበደም ሦስት የጥያቄ ምልክት ሆኗል፤ ታደሰም እንዲሁ፡፡ ከገንዘቡ ሳንቲም አልጎደለም፡፡ የጎደለው ባለዕዳው ነው፡፡

የእህቱ ልጅ ተጠርቶ ይመጣል፡፡ ፕሮግራሙን ዲበገር በሚባለው የስህተት ማደኛ ውስጥ ያስገባና ደረጃ በደረጃ እያስኬደና እያስቆመ በማሽኑ ማኅደር ውስጥ ያለውን ይመለከታል፡፡ እዚያ ፊደል የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ቁጥር ብቻ ነው፡፡ ያገኘው 225፣ 138፣ 160 እያለ የሚሄድ ከሆነ እፎይ ይበል፤ አ የተባለው ፊደል በዓለም አቀፉ አሠራር የሚቀመጠው በእነዚህ ሦስት ቁጥሮች ስለሆነ አበበ በሕይወት አለ፤ ችግሩ የአነባበብ ብቻ ነው፡፡ ያገኘው 63፣ 63፣ 63 ከሆነ ግን 63 የጥያቄ ምልክት የራሱ ቁጥር ነውና አንድ ፕሮግራም በመሐል ገብቶ ስሙን አጥፍቶታል ማለት ነው፡፡ የመጀመሪያው በማያውቁት ቋንቋ እንደተጻፈ ውል ነው፤ አስተርጓሚ ይፈለግለታል፡፡ ሁለተኛው የተቃጠለ ውል ነው፡፡

ጥፋቱ የማን ነው? ብዙ ጊዜ የማንም አይመስልም፡፡ ፕሮግራሙ ቁጥሮቹን በየትኛው ፊደል እንዲያነባቸው ማንም አልነገረውም፤ ስላልተነገረውም በራሱ የገመተውን ወሰደ፡፡ ይህን ማንም ሳይናገር የሚወሰድ ምርጫ የሶፍትዌር ተርጓሚዎች ነባሪ ይሉታል፡፡ እኛ የሕግ ሰዎች ነገሩን በሌላ ስም እናውቀዋለን፡፡ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ተዋዋዮች የክፍያውን ቦታ ሳይወስኑ ቢቀሩ ክፍያው የሚፈጸመው ውሉ ሲደረግ ባለዕዳው በሚኖርበት ቦታ ነው ይላል፡፡ ሕጉ ዝም ያሉትን ሰዎች ወክሎ ይናገራል፡፡ እንዲህ ያለውን ድንጋጌ የሚያረቅ ሰው ታዲያ ዝም የሚሉት እነማን እንደሆኑ አስቀድሞ ማሰብ አለበት፡፡

በማሽን ውስጥ ያለውን ቁጥር ሰው በምን ፊደል ያንብበው የሚለው ጥያቄ ከኮምፒዩተር ጋር እኩል የተወለደ ነው፡፡ ከመጀመሪያዎቹ መላሾች አንዱ አላን ቱሪንግ ነበር፡፡ ስሙን የሚያውቁት ብዙዎች የጀርመኖችን ምሥጢራዊ ጽሑፍ የፈታ ሰው አድርገው ነው፡፡ ይህ ጸሐፊ ዛሬ የሕይወት ታሪኩን የሚያነሣው ግን በዋናነት ስለ ሌላ ውሳኔው ሲል ነው፡፡ (ከዚህ በታች ዓ.ም. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፡፡)

ቱሪንግ ጁን 23 ቀን 1912 ለንደን ውስጥ ተወለደ፡፡ አባቱ ጁሊየስ በእንግሊዝ ሕንድ አስተዳደር የማድራስ ሹም ነበሩ፤ እናቱ ሣራም አብዛኛውን ጊዜ ከባለቤታቸው ጋር ሕንድ ስለሚሆኑ አላንና ታላቅ ወንድሙ ጆን እንግሊዝ አገር በሰው ቤት አደጉ፡፡ ሸርቦርን ወደሚባለው አዳሪ ትምህርት ቤት በ1926 ሲገባ አገሪቱን ያናወጠው አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ነበርና ባቡር አልነበረም፡፡ የ13 ዓመቱ ልጅ ብስክሌቱን አውጥቶ፣ በመንገድ አንድ ሌሊት አድሮ፣ ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ ብቻውን ሄደ፡፡ እዚያው ትምህርት ቤት የሳይንስ ፍቅር የሚጋራው ክሪስቶፈር ሞርኮም የተባለ ጓደኛ ነበረው፤ በ1930 መጀመሪያ በሳንባ ነቀርሳ ሞተበት፡፡ ሐዘኑ ዕድሜ ልኩን አልለቀቀውም፡፡ ከዚያ ካምብሪጅ፣ ኪንግስ ኮሌጅ፤ በ1935፣ ገና በ22 ዓመቱ፣ የኮሌጁ ባልደረባ ሆኖ ተመረጠ፡፡

የሚቀጥለው ዓመት ለእኛም ለእርሱም የማይረሳ ነው፡፡ የፋሺስት ጣሊያን ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ በእነርሱ ሜይ 5 ቀን 1936 መሆኑ ነው፡፡ ከአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ገበያ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር የተደረገውና የአገሬው ሰው ገበያ በሚል የጣሊያንኛ ስም የተጠራው፣ ከስሙም መርካቶ የሚለው ብቻ ተርፎ የቀረው በዚያ በወረራው ዘመን ነው፡፡ ጦሩ አዲስ አበባ በገባ በ23ኛው ቀን፣ ሜይ 28፣ የለንደን የሒሳብ ማኅበር ከአንድ የ23 ዓመት ወጣት የተላከ ጽሑፍ ተቀበለ፡፡ ሁለቱን የሚያገናኛቸው የቀን መቁጠሪያ ብቻ ነው፤ ይሁን እንጂ የአንደኛው ውጤት የሆነው ገበያ ዛሬ በሁለተኛው ውጤት በሆነው ማሽን ሒሳቡን ይሠራል፡፡

የቱሪንግ ጽሑፍ ስለ ሒሳብ ሊቃውንት ክርክር ነው፤ የትኛው ጥያቄ በስሌት ሊመለስ ይችላል፣ የትኛውስ ፈጽሞ አይችልም የሚል፡፡ ለማስረዳት ግን አንድ የሐሳብ ማሽን ፈጠረ፡፡ ማሽኑ ረጅም የወረቀት ጥብጣብ ላይ አንድ አንድ ምልክት እያነበበ፣ እየጻፈና እየሰረዘ ይሄዳል፡፡ ቀጥሎ የመጣው ሐሳብ ነው ዓለምን የለወጠው፡፡ የማንኛውም ማሽን የሥራ መመሪያ ራሱ በምልክት ሊጻፍ ይችላል፤ ለዚህ የተጠቀመው ሰባት ምልክቶችን ብቻ ሲሆን ለእያንዳንዳቸው ከ1 እስከ 7 ቁጥር ሰጣቸው፡፡ ስለዚህ አንድ ሙሉ ማሽን አንድ ረጅም ቁጥር ሆነ፡፡ ያንን ቁጥር የሚያነብና የተገለጸውን ማሽን ሥራ የሚሠራ ሌላ ማሽን ከተገኘ ለየሥራው የተለየ ማሽን መገንባት ቀረ ማለት ነው፡፡ ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው ስልክ ፎቶ አንሺም፣ ሒሳብ ሠሪም፣ ደብዳቤ አድራሽም የሆነው በዚህ ሐሳብ ነው፡፡

ልብ በሉ፤ ሐሳቡ ሁሉ የቆመው ፊደልን በቁጥር በመወከል ላይ ነው፡፡ በአንድ ማኅደር ውስጥ ያለ ቁጥር ትእዛዝ ሊሆን ይችላል፣ የገንዘብ መጠን ሊሆን ይችላል፣ የሰው ስም ሊሆን ይችላል፡፡ ቁጥሩ ራሱ ምን እንደሆነ አይናገርም፡፡ የሚናገረው አንባቢው የያዘው ስምምነት ነው፡፡ መርካቶን የሚያውቅ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ቦምብ ተራ ቦምብ እንደማይሸጥ የሚያውቀው ስምምነቱን የሚያውቅ ሰው ነው፡፡

አንድ ነገር ልጨምር፡፡ የዚያ ሁሉን አቀፍ ማሽን መመሪያ ስህተት ነበረበት፡፡ ከዓመታት በኋላ ዶናልድ ዴቪስ የተባለ ወጣት ባልደረባው መመሪያውን ቃል በቃል መርምሮ ስህተቶቹን አገኘና ነገረው፤ ቱሪንግም ብዙ ደስ አላለውም፡፡ እንግዲህ ኮምፒዩተር ከመሠራቱ በፊት የኮምፒዩተር ፕሮግራም ስህተት ተወልዶ ነበር፡፡

ቱሪንግ አሜሪካ ሄዶ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪውን በ1938 አገኘና ተመለሰ፡፡ እንግሊዝ በጀርመን ላይ ጦርነት ባወጀች ማግስት፣ ሴፕቴምበር 4 ቀን 1939፣ ብሌችሊ ፓርክ በሚባለው የምሥጢር ጽሑፍ መፍቻ ጣቢያ ሥራ ጀመረ፡፡ ስለዚህ ዘመኑ ብዙ ፊልምና መጽሐፍ ስላለ አላስረዝመውም፡፡ የፖላንድ የሒሳብ ሰዎች ከጦርነቱ በፊት የጀመሩትን መሠረት አድርጎ ኢኒግማ የተባለውን የጀርመኖች የምሥጢር መሣሪያ ቅንብር የሚያፈላልግ ማሽን ነደፈ፤ ጎርደን ዌልችማን የተባለው ባልደረባው አሻሻለው፤ የመጀመሪያው በ1940 ሥራ ጀመረ፡፡ የእርሱ ክፍል ድርሻ የጀርመን ባሕር ኃይል ነበር፡፡ በነገራችን ላይ በ1941 የእንግሊዝ ጦር ከአርበኞቻችን ጋር ሆኖ ጣሊያንን ከኢትዮጵያ ሲያስወጣ የጣሊያን አዛዦች የሚላላኩት የምሥጢር ጽሑፍ በእንግሊዞች ይነበብ ነበር፡፡ ያ ሥራ የቱሪንግ ክፍል አልነበረም፤ የቤቱ ግን ነበር፡፡

ለዛሬው ጉዳያችን የሚያስፈልገን ጀርመኖች ለከፍተኛ አዛዦቻቸው ይጠቀሙበት የነበረው ሌላው መሣሪያ ነው፡፡ ይህኛው የሚሠራው በቴሌፕሪንተር ፊደል ነበር፡፡ በቴሌፕሪንተር እያንዳንዱ ፊደል በወረቀት ጥብጣብ ላይ አምስት ቦታ አለው፤ በየቦታው ወይ ቀዳዳ አለ ወይ የለም፡፡ ሁለትን አምስት ጊዜ በራሱ ብናባዛ 32 ስለሚሆን 32 ምልክት ብቻ ይገኛል፡፡ ከፊደሎቹ ለየትኛው የትኛው ቀዳዳ ይሰጠው የሚለውን በ1901 የወሰነው ዶናልድ መሬይ የተባለ የኒውዚላንድ ሰው ነው፡፡ በእንግሊዝኛ አዘውትረው ለሚመጡት ፊደሎች ጥቂት ቀዳዳ ሰጠ፤ ምክንያቱም ማሽኑ ቀዳዳ በበሳ ቁጥር ይደክማል፡፡ ስለዚህ ፊደሎቹ ከኤ እስከ ዜድ በተራቸው አልተቀመጡም፡፡ ሰውየው ያሰበው ስለ ብረት ድካም እንጂ ስለ አንባቢ ድካም አልነበረም፡፡ ቱሪንግና ጓደኞቹ በጦርነቱ ጊዜ ይህን የተዘበራረቀ ሠንጠረዥ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ያዙት፡፡

ከጦርነቱ በኋላ ቱሪንግ በመንግሥት የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ተቀጥሮ በ1946 የኮምፒዩተር ንድፍ አቀረበ፡፡ ግንባታው በቢሮክራሲ ሲንዛዛ ተሰላቸ፤ ብስጭቱን በሩጫ ይወጣው ነበር መሰለኝ፣ በ1947 ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ሮጧል፡፡ በ1948 ወደ ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሄደ፡፡ እዚያ ፍሬዲ ዊልያምስና ቶም ኪልበርን የተባሉ መሐንዲሶች የሠሩት ትንሽ ማሽን ጁን 21 ቀን 1948 በማኅደሩ የያዘውን ፕሮግራም አስኪዶ ነበር፡፡ የማሽኑ ማኅደር የቴሌቪዥን ዓይነት የመስታወት ቱቦ ነው፤ በውስጡ ያለው ቁጥር በመስኮቱ ላይ የብርሃን ነጥብ ሆኖ ይታያል፡፡ ስህተት የሚያድነው ሰው ማሽኑን አቁሞ ነጥቦቹን በዓይኑ ያነባል፡፡ የዛሬው ዲበገር ቅድመ አያት ይህ ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም፡፡

ታዲያ እነዚህን ነጥቦች ሰው በወረቀት ላይ ሲጽፋቸው በምን ይጻፋቸው? ምርጫው በተግባር የቱሪንግ ሆነ፤ የፌራንቲ ኩባንያ በ1951 ለዩኒቨርሲቲው ላስረከበው ማሽን የፕሮግራም ሠሪዎችን መመሪያ መጽሐፍ የጻፈው እርሱ ነውና፡፡ እርሱም በቃሉ የሚያውቀውን የቴሌፕሪንተር ሠንጠረዥ ወሰደ፡፡ በማሽኑ ውስጥ አንድ ትእዛዝ 20 ነጥብ ነው፤ አምስት አምስት እየተባለ ሲከፈል አራት ፊደል ይሆናል፡፡ ስለዚህ ማንኛውም ትእዛዝ፣ ማንኛውም ቁጥር በአራት በአራት ፊደል ተጻፈ፡፡ ዜሮ የተጋደመ ሰረዝ ሆነ፡፡ አንድ፣ ኢ የሚባለው የላቲን ፊደል ሆነ፤ ሦስት ኤ ሆነ፤ አሥራ ስድስት ቲ ሆነ፡፡ በሁለቱ መካከል ያሉት በምንም ሥርዓት የማይገመቱ ናቸው፡፡ ባዶ የማኅደር ቦታ ዜሮ ስለሆነ ገጾቹ በሰረዝ ተሞሉ፤ ዝናብ ለማያባራባት ማንቸስተር ተስማሚ መልክ ነው እየተባለ ይቀለድበት ነበር፡፡ ይህም አልበቃ ብሎ አኃዞቹ ወደ ኋላ ተጻፉ፤ ትንሹ በግራ፣ ትልቁ በቀኝ፡፡ እኛ አሥራ ሁለት ብለን 12 የምንጽፈውን 21 አድርጎ እንደ መጻፍ ነው፡፡ በዚህ ላይ መደመርና መቀነሱ በአሥር ሳይሆን በ32 ቤት ነበር፡፡

ለምርጫው ምክንያት አልነበረውም ማለት አይቻልም፡፡ ፊደሉና ነጥቦቹ አንድ ለአንድ ስለሚገጥሙ በመሐል የሚገባ ተርጓሚ የለም፡፡ በመስኮቱ ላይ ያየኸው በወረቀትህ ላይ ያለው ነው፡፡ ማሽኑ ጠባብ ነበር፤ ቁጥር ከአሥር ቤት ወደ ሁለት ቤት ሲገለባበጥ የሚባክነው ጊዜና ቦታ ያስቆጨው ነበር፡፡ ሠንጠረዡን ማጥናት ለእርሱ የአንድ ምሽት ሥራ ነበር፤ ለሌላውም እንደዚያው የሆነ መሰለው፡፡

በዚያው ዘመን ካምብሪጅ ውስጥ ሞሪስ ዊልክስና ወጣቱ ዴቪድ ዊለር ተቃራኒውን መረጡ፡፡ በ1949 ሥራ በጀመረው ማሽናቸው ፕሮግራም ሠሪው ደምር ለማለት የእንግሊዝኛውን ቃል የመጀመሪያ ፊደል፣ አድራሻውን ደግሞ በተለመደው የአሥር ቤት ቁጥር ይጽፋል፤ ወደ ነጥብ የሚለውጠው ማሽኑ ራሱ ነው፡፡ ያን ጊዜ ማሽን እጅግ ውድ፣ ሰው ርካሽ ነበር፡፡ ማሽኑን ለሰው ያሠሩት ካምብሪጆች ግን ብዙ ተጠቃሚ በፍጥነት አፈሩ፡፡ ይህ ጸሐፊ በዚህ ክርክር ከዊልክስ ጋር ነው፡፡

የሚያስገርመው፣ ስህተትን ስለ ማደን በዚያ ዘመን ከማንም በላይ በጥልቀት ያሰበው ራሱ ቱሪንግ መሆኑ ነው፡፡ በጁን 1949 ካምብሪጅ በተካሄደ ጉባኤ አንድ አጭር ጽሑፍ አቀረበ፡፡ ጥያቄው አንድ ትልቅ ፕሮግራም ልክ መሆኑን በምን እናረጋግጣለን የሚል ነበር፡፡ ምሳሌው የነጋዴ ምሳሌ ነው፡፡ ረጅም የቁጥር ድርድር ተደምሮ መጨረሻው ብቻ ቢሰጠን ለማጣራት ሁሉንም እንደ አዲስ መደመር አለብን፤ የየዓምዱ ድምርና ወደሚቀጥለው የተላለፈው እጅ ተጽፎ ከተሰጠን ግን እያንዳንዱን ዓምድ ለብቻው፣ ከፈለግንም ለተለያዩ ሰዎች አከፋፍለን ማጣራት እንችላለን፡፡ ፕሮግራም ሠሪውም በየመንገዱ እዚህ ላይ ይህ እውነት መሆን አለበት የሚል ምልክት ይተው፡፡ የፕሮግራም ትክክለኛነት ማረጋገጫ የሚባለው የዛሬው የጥናት ዘርፍ ይህን ጽሑፍ ከምንጮቹ አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል፡፡

በዚያው ጉባኤ ሰሌዳ ላይ ለማስረዳት ቁጥር ሲጽፍ ግን ቁጥሮቹን እንደ ማንቸስተር ልማዱ ወደ ኋላ ጻፋቸው፡፡ ታዳሚው ድምሩ ለምን እንደማይመጣ ግራ ገባው፡፡ ዊልክስ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሲያስታውሰው ቱሪንግ የቀለደ አልመሰለውም፤ እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር የሌላውን ሰው መረዳት ሊያውክ እንደሚችል በእውነት አልታየውም ነበር፡፡ የጽሑፉም ዕድል ከዚህ አልተሻለም፡፡ ሲታተም ምልክቶቹ ተምታተው በስህተት ተሞላ፤ በ1984 ሁለት ተመራማሪዎች እያረሙ እንደገና እስኪያወጡት ድረስ በአግባቡ የሚነበብ አልነበረም፡፡ ስህተትን ስለ ማጣራት የተጻፈው ጽሑፍ ራሱ በፊደል ዝውውር ተበላሸ፡፡

በማንቸስተር የሰረዙን ዝናብ ያባራው ሌላ ሰው ነው፡፡ አሊክ ግሌኒ በ1952፣ ቶኒ ብሩከር ደግሞ በ1954 ሰው በሚገባው ምልክት የተጻፈን መመሪያ ማሽኑ ራሱ እንዲተረጉም አደረጉ፡፡

አሁን ወደ አበበና ከበደ እንመለስ፤ ታሪካቸው የዚያው የ32 ቀዳዳ ታሪክ ተከታይ ነውና፡፡ 32 ምልክት ለእንግሊዝኛ በጭንቅ ይበቃል፡፡ በ1963 የወጣው የአሜሪካኖቹ አስኪ ምልክቶቹን 128 አደረሰ፤ ቀጥሎ 256 የተለመደ ልክ ሆነ፡፡ የእኛ ፊደል 33 ቤት በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ በዚያ ላይ እነ ቋና ሏ፣ የግዕዝ ቁጥሮች፣ ነጥቦቹ አሉ፡፡ ከላቲኑ ጋር በ256 ቤት አብሮ መኖር አይችልም፡፡ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲነሣ ስማቸው የሚጠቀሰው ኢንጂነር አያና ብሩ ከተጋፈጡት ችግር ጋር አንድ ነው፤ ቁልፉ ጥቂት፣ ፊደሉ ብዙ፡፡ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የአማርኛ ሶፍትዌር የሠሩ ኢትዮጵያውያን መፍትሔ ያደረጉት የላቲኑን ቁጥሮች መልክ መለወጥ ነበር፡፡ ባለሙያዎቹ ሊመሰገኑ ይገባል፤ ጽሕፈት ቤት ሁሉ በእነርሱ ሥራ አማርኛ ጽፏል፡፡ ነገር ግን ሁሉም በየራሱ ሠንጠረዥ ሄደ፡፡ በአንዱ ለ የሆነው ቁጥር በሌላው መ ሆነ፤ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ደግሞ ትርጉም የለሽ የላቲን ኮተት፡፡ ለዓመታት የተጻፉ ፍርዶች፣ ውሎችና ቃለ ጉባኤዎች በዚህ መልክ ተቀምጠዋል፡፡ በ1999 ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ ፊደላችንን ሲቀበል ሀ 4608ኛ ቦታ ላይ ተቀመጠ፤ ለእያንዳንዱ ቤት ስምንት ስምንት ቦታ ተሰጠውና ለ 4616ኛ ሆነ፡፡

ከዚያ ወዲህ ያለው ችግር የሠንጠረዥ እጦት ሳይሆን የነባሪ ምርጫ ነው፡፡ ዊንዶውስ ለብዙ ቋንቋዎች ከዩኒኮድ በፊት የነበረ የ256 ቤት ሠንጠረዥ አላቸው፤ ለአማርኛ እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ተሠርቶ አያውቅም፡፡ ስለዚህ ምንም ካልተነገረኝ የማሽኑን የቆየ ሠንጠረዥ እወስዳለሁ የሚል ፕሮግራም ለፈረንሳይኛም ለሩሲያኛም ዕድል አለው፤ ለአማርኛ ግን ዕድሉ ዜሮ ነው፡፡ አበበ ሦስት የጥያቄ ምልክት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፡፡ የጃቫ ቋንቋ አሳዳሪዎች ይህን ነባሪ ወደ ዩቲኤፍ 8፣ ማለትም ሁሉን ፊደል ወደሚይዘው የዩኒኮድ አጻጻፍ፣ የለወጡት በ2022 ነው፡፡ ጂዲቢ የተባለውና ከ1986 ጀምሮ ያለው ታዋቂ ዲበገር ደግሞ ሁለት ነገር ለይቶ ይጠይቃል፡፡ የሚመረመረው ፕሮግራም በምን ፊደል ይጽፋል? የመርማሪው መስኮትስ በምን ፊደል ያሳያል? ካልተነገረው ሁለቱን አንድ አድርጎ ይገምታል፤ መስኮቱ አማርኛ የማይችል ከሆነም ሰላም የሚለው ቃል በስምንት ቤት የተጻፈ የዘጠኝ ቁጥር ሰልፍ ሆኖ ይወጣል፡፡

እዚህ ላይ ለቱሪንግ ግማሽ ነጥብ ልስጠው፡፡ ያ ሰልፍ አስቀያሚ ቢሆንም አልዋሸም፡፡ 341፣ ማለትም በአሥር ቤት 225፣ እየደጋገመ የሚመጣበትን ሰልፍ ያየ ሰው የእኛ ፊደል እዚያ እንዳለ ያውቃል፡፡ ፊደሉን አሳምሮ የሚያሳይ መስኮት ብቻ ያለው ሰው ግን እውነተኛውን የጥያቄ ምልክትና የአነባበብ ስህተቱን መለየት አይችልም፡፡ ኃይሉና ሃይሉ ለዓይናችን አንድ ሰው ሲሆኑ ለማሽኑ ለምን ሁለት ባለዕዳ እንደሚሆኑም አይገባውም፡፡ የመጀመሪያው መስኮት ዩቲኤፍ 8 ይሁን፤ ጥሬው ቁጥር ደግሞ በአንድ ቁልፍ ርቀት ላይ ይቀመጥ፡፡ ቱሪንግ የተሳሳተው ጥሬውን ለሁሉም ነባሪ ማድረጉ ላይ ነው፡፡

የቀረው የሕይወት ታሪኩ አጭርና መራራ ነው፡፡ በ1950 ማሽን ማሰብ ይችላል ወይ የሚለውን ዝነኛ ጽሑፉን አሳተመ፤ በ1951 የንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር አባል ሆነ፤ በ1952 የእንስሳት ዥንጉርጉርነት ከምን እንደሚመጣ በሒሳብ የሚያስረዳ ሥራ አወጣ፡፡ በዚሁ ዓመት በጃንዋሪ ቤቱ ተዘረፈ፡፡ ለፖሊስ አመለከተ፡፡ በምርመራው መሐል ከአንድ ወንድ ጋር ግንኙነት እንዳለው ሲናገር የግል ተበዳዩ ተከሳሽ ሆነ፡፡ የአገራችን ሕግም ድርጊቱን በወንጀልነት የሚመለከት በመሆኑ ነገሩ ለብዙ አንባቢ ቀላል ርዕስ አለመሆኑን አውቃለሁ፡፡ እኔን እንደ ሕግ ሰው የሚከነክነኝ ቅጣቱ ነው፡፡ በጠበቃውና በሕግ ባለሙያው ወንድሙ በጆን ምክር በማርች 31 ጥፋተኝነቱን አመነ፤ የ1885ቱ ሕግ ለእስር ሲዳርገው ፍርድ ቤቱ አማራጭ ብሎ ለአንድ ዓመት የሴት ሆርሞን እንዲወስድ አደረገው፡፡ የሰውን አካል በመድኃኒት መለወጥ ከእስር የቀለለ ቅጣት ተብሎ ተቆጠረ፡፡ ለመንግሥት የምሥጢር ሥራ የነበረውም ፈቃድ ተነሣ፡፡ በጦርነቱ የሠራው ሥራ ምሥጢር ስለነበር ችሎት ውስጥ ሊነገርለት አልቻለም፡፡

ጁን 7 ቀን 1954 በሳያናይድ መርዝ ሞተ፤ በማግስቱ የቤት ሠራተኛው አገኘችው፡፡ አልጋው አጠገብ በከፊል የተበላ ፖም ነበር፡፡ መርማሪው ራሱን አጥፍቷል ብሎ ወሰነ፤ እናቱ ግን በኬሚካል ሙከራው የደረሰ አደጋ ነው እንዳሉ ኖሩ፡፡ 42 ዓመት ሊሞላው ከሁለት ሳምንት ጥቂት የሚበልጥ ቀን ቀርቶት ነበር፡፡

የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ጎርደን ብራውን በ2009 በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ፤ በ2013 መጨረሻ የንግሥቲቱ ምሕረት ተሰጠው፤ በ2017 የወጣ ሕግም በተመሳሳይ ድንጋጌዎች ተፈርዶባቸው ለሞቱ ሌሎች ብዙ ሰዎች ምሕረት ሰጠ፡፡ የእንግሊዝ ባንክ በተወለደበት ቀን፣ ጁን 23 ቀን 2021፣ ምስሉ ያለበትን የ50 ፓውንድ ኖት አወጣ፡፡ በኖቱ ላይ ከምስሉ ሌላ አንድ የወረቀት ጥብጣብ ተሥሏል፤ በላዩ የዜሮና የአንድ ሰልፍ አለ፡፡ ሰልፉ ወደ አሥር ቤት ሲመለስ 23061912 ይሆናል፤ ቀኑ፣ ወሩና ዓመቱ ተከታትለው የተጻፉበት የልደት ቀኑ ነው፡፡ ይህን የሚያነበው ቀኑ ከወሩ እንደሚቀድምና አቆጣጠሩ የአውሮፓውያን መሆኑን የሚያውቅ ሰው ነው፡፡ በእኛ ሰኔ 16 ቀን 1904 ዓ.ም. ነው፡፡